ስለ መቃብር ሥርዐትና ስለ መቃብር ባለቤትነት

ሰው በሕይወቱ ሳለ የሚኖርበት ቤት እንደሚያስፈልገው፥ ከሞተም በኋላ ሥጋው የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚህም ቦታ ላይ ድርሻ ያላቸው ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የሟቹ ቤተ ሰብ፥ ሁለተኛው የአጥቢያው ሕዝብ፥ ሦስተኛው መንግሥት ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ያልታወቀ እንደ ሆነ በኀዘን ቀን ጠብ ይነሣል፤ የታወቀ እንደ ሆነ ግን ሟቹ በክብር ያርፋል፥ ቋሚውም በሰላም ይኖራል።

1ኛ፤ የመቃብሩ መሬት የማን ነው?

በእንጅባራና በዳንግላ፥ በጠቅላላውም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፥ ክርስቲያን ሲሞት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ይቀበራል፤ ሙስሊም ሲሞት ለሙስሊሞች በተለየው መካነ መቃብር ይቀበራል። ልጅ አባቱ በተቀበረበት አጠገብ መቀበሩ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው «ይህ የአባቴ መቃብር ነውና ርስቴ ነው» ብሎ ያስባል።

በጎጃም ርስት ማለት ከአባትና ከእናት በትውልድ የሚወረድ የመሬት መብት ነበረ። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ስለ ተባለ የርስት ሥርዐት ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል።

ስለዚህ ቤተ ሰቡ በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ቢያቆም፥ ስም ቢያስጽፍ፥ ዙሪያውንም ቢያጥር፥ መሬቱን ልሽጠው ሊል አይችልም። ቦታውን የሚያመለክቱትና የሚጠብቁት የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ወይም የመስጊዱ ሽማግሎች ናቸው። ለቤተ ሰቡ የሚቀርለት መብት የሟቹን ማረፊያ መጐብኘት፥ ማጽዳትና ማክበር ነው። እንግዲህ መቃብር አደራ ነው እንጂ ርስት አይደለም። ርስት ለባለቤቱ ጥቅም ይሰጣል፤ አደራ ግን ጠባቂውን ግዴታ ያገባዋል።

2ኛ፤ የሚቀበርበትን ቦታ የሚወስን ማን ነው?

አንድ ሰው በባንጃ ተወልዶ በዳንግላ ትዳር ይዞ ኖሮ ሞተ እንበል። ሚስቱና ልጆቹ «በኖረበት ይቀበር» ይላሉ፤ ወንድሞቹ ደግሞ «ከአባቶቹ ጋራ ይቀበር» ይላሉ። ወራቱም ክረምት ከሆነ መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት ነው። ሁለቱም ወገን የሚከራከሩት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ ሲረዝም አስከሬኑ ይቈያል፥ ዘመድም ይለያያል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። መናዘዝ የሚችል ሰው ስለ ቀብሩ ሥርዐት በሕይወቱ ሳለ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል። ሳይወስን የሞተ እንደ ሆነ ግን ውሳኔው የባል ወይም የሚስት፥ ወይም የቅርብ ዘመዶች ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ጤነኛ ሳለ ፈቃዱን ለቤተ ሰቡና ለሽማግሎች ይነግራል፤ ቢችልም በጽሕፈት ያኖረዋል። ይህ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ከሞት በኋላ የሚመጣውን ጠብ መከልከል ነው።

3ኛ፤ የሙታንን ዕረፍት ስለ መጠበቅ

በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ የቀብርን ሥርዐት የሚያውከውን፥ መቃብርን የሚያፈርሰውን ወይም የሚያረክሰውን፥ አስከሬንንም የሚያዋርደውን ሰው ይቀጣል። ይህ ሕግ ሃይማኖት አይለይም፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፥ የድኻውም የባለጠጋውም መቃብር በእኩልነት ይጠበቃል። ድንጋይና ጽሕፈት የሌለው መቃብርም መቃብር ነው። እረኛ ከብቱን በመቃብር ላይ እንዳያሰማራ፥ ልጆችም በዚያ እንዳይጫወቱ መምከር የወላጅና የመምህር ሥራ ነው። በሰው ብዛት ቦታ ጠቦ በድሮ መቃብር አጠገብ ሲቈፈር ዐፅም የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወዲያና ወዲህ ሳይጣል ተሰብስቦ በክብር ወደ ዐፈር ሊመለስ ይገባል።

4ኛ፤ መቃብርና ውሃ

በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ «ኢኖሳን» የሚባል እጅግ ያረጀ መካነ መቃብር ነበረ። ሬሳ በሬሳ ላይ ሲቀበርበት ብዙ መቶ ዓመት ከቈየ በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. የመቃብሩ ክብደት የጎረቤትን ምድር ቤት ግድግዳ አፈረሰው፤ መጥፎ ሽታም ሰፈሩን መላው። መካነ መቃብሩም ተዘጋ። ኋላም በ1804 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውስጥና በከተማ መካከል መቅበር ተከለከለ፤ እያንዳንዱም ሰው ለብቻው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር በጠለቀ ጕድጓድ እንዲቀበር ታዘዘ። መንግሥት በመቃብር ነገር መግባቱ የሕያዋንን ጤና ለመጠበቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የአዊ አገር ዝናሙ ብዙ፥ ምንጩም ብዙ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ በክረምት ወራት በብዙ ስፍራ ውሃው ለመሬቱ ገጽ ይቀርባል። ሕዝቡም ከምንጭና ከጕድጓድ ይቀዳል፤ ጠበልም በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይፈልቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በመቅሠፍት ጊዜ ለሚደረግ ቀብር በሰጠው ምክር፥ መቃብር ለመጠጥ ከሚቀዳ የምድር ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር፥ ማለት 60 ክንድ ያህል፥ ይራቅ ይላል። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፥ ማለት ሦስት ክንድ ያህል ይሁን፤ የመቃብሩም ወለል ከምድር ውስጥ ውሃ በላይ 1.5 ሜትር ይሁን ይላል። ይህ ልክ በደኅናውም ጊዜ ለባላገር መልካም መሪ ነው። እንግዲህ መቃብር ቈፋሪዎች ውሃ ቢያገኙ ያንን ስፍራ ትተው ከፍ ወዳለው ደረቅ ቦታ መሄድ ይገባቸዋል።

5ኛ፤ ሞትን ስለ ማስመዝገብ

ስለ ወሳኝ ኵነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጣ፤ ምዝገባውም በአገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህም ሕግ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍችና ሞት በቀበሌ ይመዘገባሉ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መነገር አለበት። የሚያስመዘግበው ከሟቹ ጋራ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ ባይኖር ዘመድ፥ ዘመድም ባይኖር ጎረቤት ነው።

ብዙ ሰው «ሞቱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል። ነገር ግን ያለቀሰው ጎረቤት ሲያረጅና ሲሞት ምስክሩም አብሮ ይጠፋል። ባልዋ የሞተባት ሴት የእርሻ ይዞታዋን፥ አባቱ የሞተበትም ልጅ ውርሱን ሲጠይቁ በመጀመሪያ የሚጠየቁት የሞቱን ማስረጃ ነው። ማስረጃው የሌለ እንደ ሆነ ድኻ አደግ ልጅ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይንከራተታል።

ሳይነገር የተፈጸመ ቀብር ምን ያህል ኀዘን እንደሚተው ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በስውር ተቀበረ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሥርዐት የተቀበሩትም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አገር የገዛ ንጉሥ 25 ዓመት ያህል ያለ ታወቀ መቃብር ከቈየ፥ ያልተጻፈ የድኻ ሞት እንዴት ፈጥኖ አይረሳም?

6ኛ፤ ስለ ቀብር ወጪ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከሟቹ ሀብት በመጀመሪያ የሚከፈለው የቀብሩ ወጪ እንዲሆን አዝዟል፤ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን ወጪው እንደ ሟቹ ኑሮ መጠን መሆን አለበት፤ ለተዝካር የሚወጣው ገንዘብ ከቀብር ወጪ አይቈጠርም። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። በሬ ሸጦ፥ በአራጣም ተበድሮ ድግስ የሚደግስ ሰው የሟቹን ስም አስጠራሁ ሲል የሟቹን ልጆች ያስርባል።

የቀብርን ሸክም ለማቅለል ሕዝቡ ራሱ ያቆመው ዕድር አለ። ዕድርተኛው መቃብር ይቈፍራል፥ ሬሳ ይሸከማል፥ ለኀዘንተኛውም እህልና ገንዘብ ያዋጣል። የአዊ ሕዝብ በኅብረት መቆምን ያውቃል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ለዚህ ምስክር ነው። ይኸው ኅብረት ምንጭን ከመቃብር ለመለየት፥ ሞትን ለማስመዝገብና ከልክ ያለፈ ድግስን ለማስቀረት ቢውል ጥቅሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ማጠቃለያ

መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ ጥበቃው የአጥቢያው ነው፤ ክብሩና መታሰቢያው የቤተ ሰቡ ነው። እያንዳንዱ የድርሻውን አደራ ከጠበቀ ሙታን ያርፋሉ፥ ሕያዋንም ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ፥ ድኻ አደጎችም ውርሳቸውን ያገኛሉ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. መቃብር አደራ ነው የተባለበት ምክንያት ምንድን ነው?
2. ሟቹ ስለ ቀብሩ ሳይናገር የሞተ እንደ ሆነ የሚወስኑ እነማን ናቸው?
3. መቃብር ለመጠጥ ከሚቀዳ ውሃ ምን ያህል መራቅ ይገባዋል?
4. ሞት በስንት ቀን ውስጥ ይመዘገባል? ያልተመዘገበ እንደ ሆነ የሚጐዳው ማን ነው?
5. በአጥቢያችሁ ያለው ምንጭ ከመካነ መቃብሩ ስንት ክንድ ይርቃል? ከመምህራችሁ ጋራ ለኩት።