የጮቄ ደጋ፤ ጅባራና ድንች

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ሉማሜ ሲደርስ፣ ሰማዩ የጠራ እንደሆነ፣ በስተሰሜን የጮቄን ተራራ ያያል። ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ ተመላልሰናል፤ እዚያ ላይ ምን ይበቅላል ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

የጮቄ ጫፍ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያልፋል። ሽቅብ ስንወጣ ጥድን፣ ኮሶንና ቀርቀሃን አልፈን አስታ ላይ እንደርሳለን። ከአስታ በላይ ያለው ጓሳና ጅባራ ነው። ጓሳን ቤት የሚከድንበትና ገመድ የሚገምድበት ያገሩ ሰው ስለሚያውቀው አናበዛም።

ጅባራ ግን ልናጠናው የሚገባ ነው። በዚህ ከፍታ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ሙቀትና ብርድ የሚፈራረቁት ከወር ወር ሳይሆን ከቀን ወደ ሌሊት ነው። ስለዚህ ጅባራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን ቡቃያ ይሸፍናል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። እንግዲህ ሳያብብ የተቈረጠ ጅባራ ያለ ዘር ቀረ ማለት ነው።

በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ፔሩ በ1975 እ. ኤ. አ. ባቋቋመችው የዋስካራን ጥብቅ ሥፍራ ፑያ የሚባል ተክል አለ። እሱም ዘመኑን ሁሉ ቈይቶ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ዝምድና ግን የላቸውም፤ ፑያ የአናናስ ወገን ነው። አንድ ዓይነት ብርድ አንድ ዓይነት ጠባይ አስተማራቸው እንላለን።

ከዚያው ከአንዲስ የመጣ ሌላም እንግዳ አለን፤ እሱም ድንች ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እ. ኤ. አ. እንደሆነ ይነገራል። ድንች ብርድ ስለሚችል ከገብስ ጋር የጮቄን ገደል ሽቅብ ወጣ፤ ጓሳውም እየታረሰ ሄደ። ቀይ ቀበሮ ዛሬም በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝና በባሌ አለ፤ ከጮቄ ግን ጠፍቷል። የሚበላቸው አይጦች የሚኖሩት በጓሳው ውስጥ ነውና።

ገበሬውን ልንወቅስ አንችልም፤ ታች ያለው መሬት ተከፋፍሎ አልቋል። ሆኖም ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ወደ ዐባይ የሚወርዱት ከዚሁ ተራራ ነው። የመንዝ ሕዝብ በአባቶች ሥርዐት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ በተራ ያጭድ ነበር፤ በ1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ቢቋረጥም ኋላ በሌላ መልክ ተመልሷል። በጮቄስ ማን ይዝጋ? ለተዘጋበትስ ገበሬ ምን ይሰጠው? በዚህ ላይ የእርሻና የሕግ ተማሪዎች ቢጽፉልን ደስ ይለናል።