የወባ ተሕዋስ ጽሑፍ ሲነበብ

በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የሚናገረው ጂኖም ስለሚባለው ነገር ነው። ቃሉ እንግዳ ቢመስልም ጉዳዩ ከቤታችን የራቀ አይደለም፤ በዝናብ ወራት በየቤቱ የሚገባውን ወባ የሚመለከት ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ሰውም ሆነ ጤፍ፣ ከሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል እጅግ ቀጭን ክር አለ። በክሩ ላይ አራት ዓይነት ኬሚካሎች በተራ ተደርድረዋል፤ ሳይንቲስቶች ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ብለው ይጠሯቸዋል። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት ሲኖሩት ተፈጥሮ ግን በእነዚህ በአራቱ ብቻ ትጽፋለች። አንድ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዘው የጽሑፉ ክፍል ጂን ይባላል። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲወሰድ ጂኖም ይሆናል።

ታዲያ ይህ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል? ክሩን እንደ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ አይቻልም። አንድ ጋዜጣ አሥር ቅጂ ወስደን በዘፈቀደ ብንቀዳድደው፣ የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ ከሌላው ቁራጭ መጀመሪያ ጋር የሚጋራውን ቃል እየፈለግን መልሰን ልንገጣጥመው እንችላለን። በአንድ ቅጂ ብቻ ግን የሚጋሩት ቃል ስለማይኖር አይሆንም። የጂኖም ንባብም እንዲሁ ነው፤ ዲ ኤን ኤው በብዙ ቅጂ ይቆራረጣል፣ ቁራጮቹ በመሣሪያ ይነበባሉ፣ ኮምፒዩተር ይገጣጥማቸዋል።

በዚህ ዘዴ በ1995 የአንድ ባክቴሪያ ጂኖም በሙሉ ተነበበ፤ 1.8 ሚሊዮን ፊደላት ነበሩት። የሰው ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ያህል ሲሆን ረቂቁ በ2001 ታትሞ ክፍተቱ ሁሉ የተሟላው በ2022 ነው። የስንዴው ደግሞ የሰውን አምስት እጥፍ ያህላል። የጽሑፍ ርዝመት የክብር መለኪያ አይደለም ማለት ነው።

በጥቅምት ወር 2002 የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ማለትም ገዳዩን ወባ የሚያመጣው ተሕዋስ ጂኖም ታተመ። 23 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና ከ5,000 በላይ ጂኖች አሉት። በዚያው ወር ወባን የምታስተላልፈው የትንኟ ጂኖም ወጣ። የሰው ረቂቅ ቀደም ብሎ ስለነበረ የበሽታው ሦስቱም ተዋናዮች ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ ቻሉ። ንጽጽር የሚጠቅመው ተሕዋሱ ያለውን፣ ሰው ግን የሌለውን ለመለየት ነው፤ መድኃኒት የሚነጣጠረው እዚያ ላይ ነውና። ለምሳሌ ተሕዋሱ በውስጡ ከቅጠል አረንጓዴ አካል ጋር የሚዛመድ፣ ብርሃን መጠቀም የተወ ጥቃቅን ነገር ይዞ ይኖራል። ዶክሲሳይክሊን ወባን የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። እንስሳ መሳይ ተውሳክ የተክል ዘመድ ዕቃ ተሸክሞ መገኘቱ እኛን እስከ ዛሬ ይገርመናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ በክሊኒክ ጣታችሁ ተወግቶ የደም ጠብታ በትንሽ ካርድ ላይ ሲደረግ አይታችኋል። ብዙ ጊዜ ካርዱ የሚፈልገው ተሕዋሱን ራሱን ሳይሆን ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚለቀውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2010 ግን በፔሩ ይህን ፕሮቲን የሚያዝዘው ጂን የጠፋባቸው ተሕዋሳት መኖራቸው ተገለጸ። እነዚህ ይራባሉ፣ ሰውንም ያሳምማሉ፤ ካርዱ ግን አያያቸውም። በእኛም አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ኤርትራ በዚሁ ምክንያት በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች። በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገ ጥናትም ጂኑ የጎደላቸው ተገኝተዋል።

እንዴት በዙ? በካርዱ የተገኘው ተሕዋስ በመድኃኒት ይሞታል፤ ያመለጠው ሳይታከም በትንኝ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። መመርመሪያው ራሱ፣ ማንም ሳያስበው፣ የጎደላቸውን እየመረጠ ያተርፋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚህ ጉድለት የተነሣ ከመቶ ከአምስት በላይ የፋልሲፓረም ሕሙማን በሚያመልጡበት ቦታ ሌላ ዓይነት መመርመሪያ እንዲተካ ይመክራል።

ስለዚህ ካርዱ «የለም» ሲል ፕሮቲኑ አልተገኘም ማለቱ ነው። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ደማችሁ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። በሌላ በኩል ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋጥ አይገባም፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፣ ታይፎይድም የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል።

ለተማሪዎች መልመጃ። ከአንድ ዲ ኤን ኤ የተቆረጡ ሦስት ቁራጮች እነሆ፦ ሲ-ኤ-ቲ-ቲ፣ ኤ-ቲ-ጂ-ሲ፣ ጂ-ሲ-ሲ-ኤ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከቀጣዩ ጋር ሁለት ፊደላት ይጋራል። በትክክል ከተገጣጠሙ ስምንት ፊደላት ያሉት አንድ ጽሑፍ ይወጣል። መልሱን ወደ ማታው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።