የስልቻ አይብ፦ ከሙንዙር ተራሮች በግ አርቢዎች የሚገኝ ትምህርት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ወተት በብዛት የሚታለብበትና ወተት በደኅና ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይገጣጠሙም። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሣሩ ሲለመልም ወተት ይጨምራል። በሌላ በኩል ደግሞ ጾም በገባ ቁጥር በደጋው አካባቢ የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ላሚቱ ግን ጾም ነው ብላ ወተቷን አታቆምም። በዚህ ጊዜ አርሶ አደሩ ወተቱን ወደ ቅቤ ይለውጠዋል፤ ከአሬራውም አይብ ያወጣል። ቅቤው ይቆያል። አይቡ ግን ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል ውሃ ስለ ሆነ ከጥቂት ቀናት በላይ ሳይበላሽ አይሰነብትም።

ይህን ችግር ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ከረጅም ዘመን በፊት ያቃለሉ ሕዝቦች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በምሥራቅ ቱርክ የሚገኙ አርብቶ አደሮች የሚሠሩትን የስልቻ አይብ ነው። ዓላማችን አሠራሩ እንዳለ እንዲቀዳ አይደለም። አይቡን ከብልሽት የሚጠብቁት ነገሮች ምን እንደ ሆኑ፣ ከአሠራሩም የትኛው ሊወሰድ፣ የትኛው ሊተው እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

1. አይቡ የሚሠራበት አካባቢ

ሻቫክ የሚባሉት በግ አርቢዎች የብርዱን ወራት በኤላዚና በቱንጀሊ አካባቢ ቆላማ ሥፍራዎች ያሳልፋሉ። በረዶው ሲቀልጥ መንጋቸውን ይዘው ወደ ሙንዙር ተራሮች የግጦሽ ቦታ ይወጣሉ፤ ብርዱ ሲመለስ ይወርዳሉ። በጎቹ የሚታለቡት ተራራው ላይ ባሉባቸው የበጋ ወራት ነው። ገበያው ሩቅ ስለ ሆነ ወተቱን በየቀኑ ማውረድ አይቻልም። ስለዚህ የሚታለበው ሁሉ እዚያው ወደ አይብ ይለወጣል። በዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ የያዙት ሴቶች ናቸው።

አይቡ በቱርክ ቋንቋ ቱሉም ይባላል፤ ትርጉሙ ስልቻ ማለት ነው። በገበያ የሚታወቀው ግን በአቅራቢያው ባለችው ከተማ ስም የኤርዚንጃን ቱሉም ተብሎ ሲሆን፣ ይህም ስም በአገሩ ሕግ በአካባቢ መለያነት ተመዝግቧል። ወተቱ የሚገኘው አክ ካራማን ከሚባለው ላታም የበግ ዝርያ ነው። የበግ ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቅባትና ፕሮቲን ስላለው ከእኩል ወተት የሚገኘው አይብ ይበልጣል። ይህን ልዩነት የላም ወተት የሚሰበስብ ማኅበር ሒሳቡን ሲሠራ መዘንጋት የለበትም።

2. አሠራሩ

ሀ. ወተቱ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ የታለበበት ሙቀት ብዙ ሳይወርድ ማርጊያ ይጨመርበታል። ማርጊያው በጥንቱ ልማድ ወተት ብቻ ከጠባ ጠቦት ወይም ጥጃ አራተኛ የጨጓራ ክፍል የሚወጣ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የተዘጋጀ ማርጊያም ይጠቀማሉ።

ለ. ወተቱ ሲረጋ ይቆራረጥና በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ይንጠለጠላል ወይም ክብደት ይጫንበታል። አጓቱ ይወርዳል።

ሐ. የጠነከረው በእጅ ይፈረፈራል፤ ጨው ይጨመርበታል፤ ተመልሶም በከረጢት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ጨው የነካው አይብ ተጨማሪ አጓት ይለቃል።

መ. ስልቻው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከፍየል ሳይሰነጠቅ የተገፈፈው ሌጦ ጠጉሩ ተሸልቶ፣ በጨው ታሽቶ፣ ደርቆና ታጥቦ ይቀመጣል።

ሠ. አይቡ እንደገና ታሽቶ ወደ ስልቻው ይገባል። በየጊዜው በእጅና በእንጨት እየተጠቀጠቀ ክፍት ቦታ እንዳይኖር ይደረጋል፤ አፉም ጠብቆ ይታሰራል።

ረ. ስልቻው ቀዝቃዛ ቦታ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ይቆያል። በደቡብ ቱርክ በካራማን ግዛት በዲቭሌ መንደር የሚኖሩ አርቢዎች ስልቻቸውን የሚያስቀምጡት 36 ሜትር ያህል በሚጠልቅ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያ የስልቻው ውጫዊ ክፍል በዋሻው ሻጋታ ቀይ ይሆናል፤ ገዢዎችም አይቡ መብሰሉን በዚህ ይለዩታል።

3. ሳይበላሽ የሚቆይበት ምክንያት

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ በአምስት ነገሮች ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ ውሃው ይቀነሳል። የበሰለ ቱሉም በውስጡ ያለው ውሃ ከግማሽ በታች ነው። አጓቱ ሲወጣ ለረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ የሚሆነው የወተት ስኳርም አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ጨው ይገባል። ጨው የቀረውን ውሃ ይይዛል፤ አብዛኞቹ አበላሺ ተሕዋስያንም በጨዋማ ውሃ ውስጥ አይራቡም።

ሦስተኛ፣ አይቡ ይኮመጥጣል። የወተት ስኳሩን ወደ አሲድ የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው።

አራተኛ፣ አየር ይወጣል። ሻጋታ ያለ አየር አያድግም። አይቡ ተጠቅጥቆ የሚሞላው ስለዚህ ነው። ሌጦው ደግሞ እርጥበትን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ዛሬ ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት የፕላስቲክ በርሜል ግን ይህን ስለማያደርግ፣ አጓቱ አስቀድሞ በደንብ ካልወጣ አይቡ እንደ ራሰ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ቅዝቃዜና ጊዜ አለ። አይቡ በዝግታ የሚበስለው በቅዝቃዜ ነው።

ከአምስቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃም። ጨው ያበዛ፣ አጓቱን ግን ያላወጣ ሰው የሚያገኘው የሚመር እንጂ የሚቆይ አይብ አይደለም።

በአገራችንም ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚሠራው መታታ አይብ ከተራው አይብ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆየው አጓቱ በተደጋጋሚ እንዲወጣ ስለሚደረግ፣ ስለሚብላላና ቅመም ስለሚገባበት ነው።

4. ሊዘነጋ የማይገባ አደጋ

ቱሉም በልማድ የሚሠራው ካልተፈላ ወተት ነው። በግ፣ ፍየልና ላም የሚያስወርደው የብሩሴሎሲስ በሽታ ባክቴሪያ በወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ከአይብ ውስጥም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የተበከለ አይብ በመልኩም በሽታውም አይለይም። በሽታው የያዘው ሰው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃየዋል። በሽታው በቱርክም በኢትዮጵያም ይገኛል።

ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 120 ቀን እንዲበስል የቱርክ የምግብ ደንብ የሚያዘው ስለዚህ ነው። እኛ ግን ማኅበራት በጊዜው ብቻ እንዲተማመኑ አንመክርም። ወተቱ አስቀድሞ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሙቅ፤ ከዚያ እስከ 32 ወይም 35 ዲግሪ ይቀዝቅዝ፤ ከዚህ በኋላ የሚያኮመጥጥ እርሾና ማርጊያ ይጨመርበት። ማሞቁ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ስለሚገድል እርሾው መቅረት የለበትም። ሌጦውም ለማጽዳትና ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ፣ በፈላ ውሃ የታጠበ ዕቃ ይሻላል።

5. ማኅበራት አስቀድመው ሊያሰሉት የሚገባ

የሚቆይ አይብ ወተትን ከብልሽት ያድናል፤ ገንዘብን ግን ያሥራል። ለምሳሌ አንድ ማኅበር በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በየቀኑ 100 ሊትር የላም ወተት ወደ አይብ ቢለውጥ፣ ጠቅላላው 5,500 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ጠንካራ አይብ 10 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል ብንል የሚገኘው 550 ኪሎ ግራም ነው። አርሶ አደሩ ግን የ5,500 ሊትሩን ዋጋ የሚጠብቀው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እንጂ አይቡ ሲሸጥ አይደለም።

የቀን አቆጣጠሩም መታየት አለበት። በዐቢይ ጾም መግቢያ የተሠራ አይብ ለፋሲካ ገና 55 ቀኑ ነው። 120 ቀን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው። ይህ ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ አይብ የሚመቸው ገበያ በሐምሌ ያለው አጭር ጊዜና ከፍልሰታ በኋላ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ነው። ይህን ሳያሰላ ሥራ የጀመረ ማኅበር ከአንድ ጾም ያሸሸውን ወተት ሌላ ጾም ላይ ያደርሰዋል። ስለሆነም፦

ሀ. በመጀመሪያው ዓመት ለአይብ የሚውለው ከትርፉ ወተት ጥቂቱ ብቻ ይሁን፤

ለ. አባላት ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም ሥራው ሳይጀመር በስብሰባ ይወስኑ፤

ሐ. አይብ ከመሠራቱ በፊት ገዢ ይፈለግ፤ የሚቀመጥበትም ቀዝቃዛ ቤት ይዘጋጅ።

6. በልማት ጣቢያ የሚደረግ ማሳያ

ውሃ፣ ጨውና አየር በአይብ ላይ የሚያደርጉትን ለአባላት ለማሳየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በአንድ ቀን የተሠራ 4 ኪሎ ተራ አይብ ለሁለት ይከፈል። አንደኛው ክፍል እንደ ልማዱ ይቀመጥ። ሁለተኛው በተቀቀለ ጨርቅ ተቋጥሮ ሌሊቱን ይንጠልጠል፤ በማግሥቱ ንጹሕ ክብደት ተጭኖበት ይዋልና ይመዘን። ከዚያም ተፈርፍሮ በየኪሎው 25 ግራም ጨው ይግባበት። አንድ ቀን ደግሞ ከተጫነ በኋላ በጠርሙስ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ተጠቅጥቆ ይዘጋ። ሁለቱም በአንድ ጥላ ሥፍራ ይቀመጡ። ሠራተኛው የወጣውን አጓት ክብደት፣ ሽታ የተለወጠበትንና ሻጋታ የታየበትን ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ይህ አይብ ለማነጻጸር ብቻ ስለ ሆነ ለምግብ አይውልም። ደግሞም ቅቤው ከወጣለት አሬራ የተሠራ ስለ ሆነ ወደ ቱሉም ይለወጣል ተብሎ አይጠበቅ።

ማጠቃለያ

የሙንዙር በግ አርቢዎች አይባቸውን ያቆዩት በስልቻው ብቻ አይደለም። አጓቱን ሳይቸኩሉ ስላወጡ፣ ጨውን በልክ ስላገቡ፣ አየርን ስለከለከሉና ቀዝቃዛ ቦታ ስለመረጡ ነው። ማኅበሮቻችን ከእነርሱ ይህን ትዕግሥት ይውሰዱ፤ ያልተፈላውን ወተት ግን ይተዉ። የመጀመሪያው አይብ ከመሠራቱም በፊት አባላት የወተቱ ዋጋ መቼና ከየት እንደሚከፈላቸው በግልጽ ይወቁ።