ውርጩ ገብቷል፤ የሰላጣና የጎመን ችግኝ አሁን ወደ ማሳ አታዛውሩ

ለደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ለባሶና ወራናና ለአንጎለላና ጠራ አትክልት አምራቾች

ጥቅምት ከገባ ወዲህ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ፀጥ ባለባቸው ሌሊቶች ውርጭ ጥሏል። ወንዝ ዳር በመስኖ በተተከሉ ማሳዎች የሰላጣው ቅጠል ጠዋት ውሃ የነከረው መስሎ ታይቶ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ጠቁሯል። የጠቆረው ቅጠል አይመለስም።

ደጋግመን የምንለው አንድ ነገር ነው፦ መደብ ላይ ዘር ከመዝራታችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ። ችግኙ መደብ ላይ አምስት፣ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከተዛወረ በኋላም ሥር ሰዶ እስኪቆም አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ከውርጭ ለማምለጥ መደቡ በሐምሌ መጨረሻ ተዘርቶ፣ ችግኙ መስከረም በባተ በመጀመሪያው ሳምንት መተከል ነበረበት። በየዓመቱ ይህን እንናገራለን፤ በየዓመቱም ገብሱ እስኪታጨድ ተጠብቆ፣ ብርዱ በሚበረታበት በኅዳር ለጋ ችግኝ ይተከላል። የዘሩ፣ የጉልበቱና የውሃው ኪሳራ የእናንተው ነው።

አሁን ችግኝ መደብ ላይ ያላችሁ፣ አታዛውሩ። ማታ ማታ በእንጨት ላይ ገለባ ወይም ሣር አልብሱት፤ ገለባው ቅጠሉን አይንካ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ግለጡት። ችግኙ አልፎበት መትከል ግድ ከሆነ፣ ሀበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ብቻ ይሁን፤ እነሱ ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ችግኙንም ከመትከላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ውሃውን እየቀነሳችሁ አጠንክሩት፤ ቦታውም ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ይሁን። ሰላጣን አትሞክሩት። ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ተዉት፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ወርዶ እዚያ ይተኛል። ለውሃ የቀረበው ማሳ ለውርጭም የቀረበ ነው።

አስቀድማችሁ የተከላችሁ፣ ሰማዩ ከጠራ ቀን ላይ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ዩሪያ አሁን አትጨምሩ፤ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል ነው፣ ውርጭም መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ጠዋት ቅጠሉ በረዶ ይዞ ሳለ አትንኩት፣ አትቁረጡትም። ማሳ ዳር ማጨስም እምብዛም አይረዳም፤ ኩበታችሁን አታባክኑ።

ለቀጣዩ ዙር ዘሩን አሁን ያዙ፤ ግን አትቸኩሉ። ለታኅሣሥ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ መደቡን ዝሩና ሌሊት እየሸፈናችሁ አቆዩት። ጥምቀት አልፎ ጥር ሲገባደድ ለመትከል ይደርሳል። ያን ጊዜም ቢሆን ከመትከላችሁ በፊት ሁለት፣ ሦስት ጠዋት ማሳውን ሄዳችሁ እዩ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ካለ ሳምንት ጨምራችሁ ጠብቁ። እባካችሁ፣ በዚህ ዓመት እንኳ ቀኑን ቁጠሩ።