ጾሙ ሲገባ ምርታችሁ የት ነው?

ነሐሴ ላይ ሀና ማርያም ጉልት ወርዳችሁ ቲማቲም ብትጠይቁ፣ ሻጯ ዋጋውን ሳትነግራችሁ በፊት «አይመረጥም!» ትላለች። አይፈረድባትም። ዝናቡ ቲማቲሙን ማሳ ላይ አበላሽቶታል፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን ገብቷል። ፈላጊው የበዛው ዕቃው በጠፋበት ሰሞን ነው። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ምርት ይዞ የመጣ ገበሬ ደላላ አይለማመጥም፤ ደላላው ራሱ ይለማመጠዋል!

ገበያው ሩቅ አይደለም። ከፒያሳ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጃንሜዳ የገባው የጅምላ ንግድ፣ በ2013 ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጥቶ ለእኛ ለሀና ማርያሞች ጎረቤት ሆኗል። እዚያ ሁሉም በአንድ ሳምንት ጥቅል ጎመን ካራገፈ፣ ገበሬው የመኪና ኪራዩንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ጠንክራችሁ ሥሩ» የሚለውን ምክር ብቻውን አልወደውም። ያ ገበሬ መቼ ሰነፈ?

ይልቅ የጀልዱን፣ የወልመራንና የደገምን ደጋ ተመልከቱ። ክረምት ላይ የድንች ቅጠል አቃጥሎ የሚጥል በሽታ አለ። ብዙ ገበሬዎች ከእሱ ለመሸሽ ሲሉ ድንቹን ወደ በልግና ወደ መስኖ አዞሩት። ከበሽታ ሽሽቱ ገበያም ይዞላቸው መጣ፦ ታኅሣሥ ላይ በምንጭ ውሃ የተተከለ ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ ያኔ የመኸሩ ድንች ከገበያ ሳስቷል፣ ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾመው ሰው ደግሞ በየቀኑ አልጫ ይሠራል።

ይህ በዕድል አይመጣም። ከማሳ የወጣ ድንች ወዲያው አይተከልም፤ እስኪያጎነቁል ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ብልህ ገበሬ «ጉደኔ» ወይም «በለጠ» የመሰለ የሆለታ ምርምር ያወጣውን ዝርያ ይይዝና፣ ብርሃንና ንፋስ በሚያስገባ የዘር ቤት መደርደሪያ ላይ ሳሳ አድርጎ ይደረድረዋል። ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ የተከመረው ግን ነጭና ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ ሲነካ ይሰበራል። ብልጫ የሚያስገኘው ሥራ የተሠራው እንግዲህ ማንም ባላየበት፣ በዘር ቤቱ ውስጥ ነው። (ውሃ የሌለው ግን አይሞክረው፤ የበጋ ድንች ያለ ውሃ ኪሳራ ነው።)

ገበሬ ያልሆናችሁም ከዚህ ድርሻ አላችሁ። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ልጅ ጳጉሜን ላይ ጨርቅ ፍለጋ ከወጣች ዘግይታለች፤ ሰኔ ላይ ከጀመረች ግን መስከረም ራሱ ደንበኛ ይዞላት ይመጣል። የእኛ አገር ፈላጊ የሚመጣበት ቀን ድብቅ አይደለም። ፍልሰታ ቀኑ አይለወጥም፤ ሁዳዴን ባሕረ ሐሳብ ከዓመታት በፊት ይነግራችኋል።

እንግዲህ የመጪውን ሁዳዴ መግቢያ ዛሬውኑ አጣሩ። ከዚያ ወደኋላ ለማሳው አራት ወር፣ ለዘሩ ሦስት ወር ቁጠሩና፣ ዘሩን ከማን እንደምታገኙ በዚህ ሳምንት ጠይቁ።