ከሁለት ወር በኋላ የመጣ ቅሬታ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። በስልካቸው ለሚነግዱ ወንድሞችና እህቶች የምትሆን አንዲት ጉዳይ እናንሳ።

መሐል ሜዳ ተቀምጠህ የመንዝ ባና በቴሌግራም ትሸጣለህ እንበል። አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ ፎቶውን አይታ ወደደችው፤ በቴሌብር ከፈለች፤ አንተም በደብረ ብርሃን በኩል በሚያልፍ መኪና ላክህላት። ነገሩ አለቀ ብለህ ገንዘቡን ሌላ ሱፍ ገዛህበት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ «ባናው ከመሐል ስፌቱ ተተረተረ፤ ከዚህ ሰው አትግዙ» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ የሚመጣልህ ምንድን ነው? «እስከ ዛሬ የት ነበረች?» ጣትህም ወደ ማጥፊያው ትሄዳለች።

ቆይ ወንድሜ! «ለምን ዘገየች?» ከማለትህ በፊት «ጉድለቱ መቼ ተፈጠረ?» በል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወተት የሞላባት እንድትመስል ሳትታለብ የቆየች በግ ለገዛ ሰው ምርጫ ሰጥተውታል። ካለባት በኋላ ቢፈልግ ያስቀራታል፤ ባይፈልግ ከአንድ ሷዕ (መስፈሪያ) ተምር ጋር ይመልሳታል። በሙስሊም ዘገባ ጊዜው 3 ቀን ነው። ለምን ጊዜ ተሰጠው? የግቷ መወጠር ገበያ ላይ ገዢን ያታልላል፤ እውነቱ የሚታወቀው ስትታለብ ነው። የላላ ስፌትም ፎቶ ላይ አይታይም፤ ባናው ሲለበስ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ጉዳዩን እንለየው።

አንደኛ፦ ጉድለቱ አንተ ዘንድ እያለ የነበረ ከሆነና ሳታውቅ ከገዛች፣ የመመለስ መብት አላት። አንተም አለማወቅህ ከወንጀል ያድንህ ይሆናል፤ የእሷን ሐቅ ግን አያስቀርም።

ሁለተኛ፦ ጉድለቱን አይታ፣ ዝም ብላ መጠቀሟን ከቀጠለች፣ ወድዳ እንደተቀበለችው ይቆጠራል። መዘግየት የሚያስጠይቃት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ጉድለቱ እሷ ዘንድ ከተፈጠረ፣ ለምሳሌ ሱፉን በፈላ ውኃ አጥባው ቢኮማተር ወይም ብል ቢበላው፣ ዕዳ የለብህም። ግን ስትሸጥላት አያያዙን ነግረሃታል?

አራተኛ፦ ባናው ደኅና ሆኖ ሐሳቧን ብቻ ከቀየረች፣ መመለስ ግዴታህ አይደለም። ሆኖም የተጸጸተን ገዢ ሽያጩን ያፈረሰለትን ሰው አላህ ስህተቱን እንደሚያነሳለት አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ መጥቷል። ይህ «ኢቃላ» ይባላል።

የአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «15 ቀኑ አልፏል» ማለት በሰው ፊት ያዋጣህ ይሆናል። አላህ ዘንድ ግን ሐቅ በቀን ብዛት አይሻርም።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? አስተያየቷን አታጥፋ። እዚያው ሥር «እህቴ፣ አይቼዋለሁ፤ በውስጥ እናውራ» ብለህ መልስ። ፎቶ እንድትልክልህ ጠይቅና ለሸማኔው አሳየው፤ ስፌቱ ከመጀመሪያው የላላ መሆኑን እሱ ያውቃል። ጥፋቱ ከእናንተ ከሆነ የማሰፊያውን ክፈል፣ ወይም ለውጥላት፣ ወይም ገንዘቧን መልስ። «መጀመሪያ አስተያየቱን አጥፊ» ብለህ ሐቋን መያዣ አታድርግ። የአክስትህን ልጅም ሳይገዛ «ምርጥ ባና!» ብሎ እንዲጽፍ አታድርግ። ሳይገዙ ዋጋ ማናር (ነጀሽ) የተከለከለው ገዢን ስለሚያታልል ነው፤ የሐሰት ምስጋናም ገዢን ያታልላል።

አንቺም ገዢዋ እህቴ፣ ጉድለት ስታዪ ወዲያው ተናገሪ፤ መጀመሪያም ለሻጩ ንገሪው። «አትግዙ» የምትለው ቃል የአንድን ቤተሰብ ጉሮሮ የምትነካ ናት።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ የንግድ ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ጨርቅ ለገዢ መናገር ረስቶ ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። ኢማሙ የዚያን ጨርቅ ዋጋ በሙሉ ሰደቃ ሰጡት ተብሎ ይተረካል። ማንም አልከሰሳቸውም፤ ሐቁን የሚመልሱለት ሰው ግን ጠፋባቸው።

ላንተ ግን ገዢህ ራሷ መጥታለች፤ ስልኳም እጅህ ላይ ነው። ሁለት ወር ዘገየች ብለህ ከምታዝን፣ ለቂያማ ሳታቆየው ዛሬ ስለነገረችህ አልሐምዱሊላህ በል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንንም በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ጁሙዓ ሙባረክ!