የጣሊያን ሜኑ እና የሞጆ ኮንቴይነር፦ ምን እንዘዝ?

እንደሚታወቀው ከትምህርት ክፍላችን የሚመረቁ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት በሞጆ ደረቅ ወደብና በዙሪያው ባሉ የትራንዚት፣ የትራንስፖርትና የመጋዘን ድርጅቶች ውስጥ ነው። ሥራው ደግሞ ከኮንቴይነር ቁጥርና ከዲክላራሲዮን ጋር ብቻ የሚያውል አይደለም። የመርከብ ወኪሉ ስብሰባ ይጠራል፣ አስመጪው ከውጭ እንግዳ ይመጣበታል፣ ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተያይዞ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኝ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ወደተነጠፈበት የጣሊያን ሬስቶራንት ይሄዳል። ሜኑ ይታደላል። ያኔ ብዙዎቻችን የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ የምናውቀውን ስፓጌቲ በሥጋ ስጎ እናዛለን፣ ወይ ጎናችን የተቀመጠው ሰው ያዘዘውን ሰምተን «ለኔም እንደሱ» እንላለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለተግባር ልምምድ ሞጆ በነበርኩበት ጊዜ የተማርኩትን መሠረት አድርጌ ከዚህ የተሻለ የአመራረጥ ዘዴ እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ቋንቋው ሊያስፈራን አይገባም። ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፎርኖ፣ ፎርማጆ፣ ላዛኛ፣ አሮስቶ፣ ማኪያቶ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩት ጣሊያኖች አማካይነት ወጥ ቤታችን ገብተው የኛው ሆነዋል። በፒያሳ ለአሥርት ዓመታት ስመ ጥር ሆኖ የኖረው ካስቴሊም የዚሁ ታሪክ ውጤት ነው።

ሰውን የሚያደናግረው ከቃላቱ ይልቅ የሜኑው አሠራር ይመስለኛል። እኛ አገር ፓስታ ራሱን የቻለ ምሳ ነው፤ እንዲያውም በእንጀራ ይበላል። በጣሊያን ሥርዓት ግን መክፈቻው አንቲፓስቶ ይባላል፣ ፓስታና ሪዞቶ ፕሪሞ ማለትም የመጀመሪያ ሳህን ናቸው፣ ሥጋና ዓሣ ሴኮንዶ ሆነው ይከተላሉ። አትክልቱ ደግሞ ኮንቶርኖ ተብሎ ለብቻው ይታዘዛል፣ ለብቻውም ይከፈልበታል። ዓሣ አዝዞ ዓሣው ብቻውን ሲመጣለት «ድንቹስ?» የሚል ሰው የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉንም በተራ ማዘዝ ግዴታ አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ አንቲፓስቶ ተካፍሎ ለየራስ አንድ ፕሪሞ ማዘዝ ጨዋ ትዕዛዝ ነው፣ ማንም አይታዘብም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሞጆ ላይ ኮንቴይነር ሲፈተሽ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር እየተገናዘበ ነው። ዕቃው ምንድን ነው? ከየት ተነሣ? ስንት ቀን መንገድ ላይ ቆየ? በደረቅ ኮንቴይነር ነው ወይስ ኤሌክትሪክ በሚሰካለት ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር? ሜኑም እኮ በዚሁ ዓይን ሊነበብ ይችላል። መንገድ የማይጎዳቸው ዕቃዎች አሉ፤ የወይራ ዘይት፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ደረቅ ፓስታ፣ የሪዞቶ ሩዝ። ፓርሚጃኖ የሚባለው ጠንካራ ፎርማጆ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 12 ወር መቀመጥ ስላለበት የመርከብ ጉዞ ለሱ ምንም አይደለም። እነዚህ ከውጭ መጡ ብሎ መጠርጠር አያስፈልግም። ትኩስ ሞዛሬላ ግን ዕድሜው የቀናት ነው። ስለዚህ አስተናጋጁን «ሞዛሬላው እዚህ የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

የባሕር ምግብን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። በአብዛኛው ሜኑ ላይ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሽሪምፕና ካላማሪ ያለበት ስፓጌቲ ነው። ባሕር በሌለው አገር ይህ ምግብ በረዶ ሆኖ ካልመጣ በስተቀር ከየት ይመጣል? የቅዝቃዜው ሰንሰለት ካልተቋረጠ የቀዘቀዘ ዓሣ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም ከዋጋው ብዙው ለመንገዱ የሚከፈል ነው። በአንጻሩ ከዝዋይና ከቆቃ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ለሞጆ ጎረቤት ነው። በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በወይራ ዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ ሜኑው ላይ ካለ እኔ ያንን አዛለሁ። ቲማቲምም እንዲሁ ነው። ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂና ዝዋይ የቲማቲም አገር ናቸው፤ በአካባቢው ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ ሮማ ይባላል። በመሆኑም ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ፣ ማለትም በቲማቲምና በበሶብላ ብቻ የሚሠራው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚናቅ አይደለም። የሚሸፍንለት ክሬም ስለሌለ የወጥ ቤቱን ሙያ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ስለ ስንዴው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለፓስታ የሚመረጠው ዱረም ስንዴ ነው። ሩሲያዊው ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም አገራችንን ሲጎበኝ በዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት ተደንቋል። ከሞጆ አለፍ ብሎ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም በዱረም ስንዴ ምርምር የታወቀ ነው። ሆኖም የፓስታ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመታት ከውጭ በሚገባ ዱረም ሲጠቀሙ ኖረዋል። ምክንያቱ ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል።

ጾመኛ ለሆነ ሰው ደግሞ የፓስታው ዓይነት ወሳኝ ነው። ደረቅ ፓስታ በአብዛኛው ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ትኩስ ፓስታ፣ ለምሳሌ ታልያቴሌና ራቪዮሊ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላል ስለሚቦካ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም። ከደረቁ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ የሚሠራው አልዮ ኤ ኦልዮ፣ ወይም በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራው አራቢያታ ጥሩ ናቸው፤ ግን «ፎርማጆ እንዳይነሰነስበት» ማለት ያስፈልጋል። ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ ጾም ይመስላል፣ ውስጡ ግን ፎርማጆ አለው። ሪዞቶም ቅቤና የሥጋ መረቅ አያጣውም። ፒዛ ማሪናራ በናፖሊ አሠራር ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ ስሙ የባሕር ቢሆንም ዓሣ የለበትም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው።

ሪዞቶ ያዘዘ ሰው ይታገሥ። ከጥሬው ሲሠራ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በ5 ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ የተቀቀለ ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ እኛ ከሌላው ሰው እንሻላለን፤ ታክስ በታክስ ላይ ሲሰላ እየተማርን ነዋ! በትልልቅ ቦታዎች ሜኑው ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አይጨምርም። 1000 ብር የተባለው ምግብ ከአገልግሎቱ ጋር 1100፣ ታክሱ በዚያ ላይ ሲሰላ 1265 ብር ይሆናል። በታችኛው ጠርዝ በደቃቁ የተጻፈውን ሳያነቡ ማዘዝ፣ በተለይ ከአበል ለሚከፍል ሰው፣ አይመከርም። ጋባዡ አስመጪ ሆኖ ፋይሉ እኛ ጠረጴዛ ላይ ካለ ደግሞ ምን እንዘዝ ከሚለው በፊት መሄድ አለብን ወይ የሚለው መመለስ አለበት፤ እሱን የሥነ ምግባር መምህራችን በሰፊው አስተምረውናል።

ከምግብ በኋላ ጣሊያኖች ካፑቺኖ አያዙም፤ ወተቱ ለጠዋት ነው ይላሉ። የሚያዝዙት ኤስፕሬሶ ነው። የኛ ቡና ደግሞ ከሌላው ዕቃ በተቃራኒ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ ነው፤ እዚህ ስንጠጣው መርከብ ላይ ያልወጣውን ነው።